አንድን የቼዝ ግጥሚያ ከነኦፕኒንጉ በ“አንድም” ማጥናት

ቅዳሜ ከሰዓት ፒያሳ አካባቢ ቡና ቤት ቁጭ ብለን ቼዝ ስንጫወት አንድ ነገር ደጋግሜ አያለሁ። ልጆቹ የመጀመሪያዎቹን አሥር እንቅስቃሴዎች በቃላቸው ያነበንባሉ። እጃቸው ፈጣን ነው። አሥራ አንደኛው ላይ ተጋጣሚያቸው ያላሰቡትን ሲጫወት ግን እጃቸው አየር ላይ ይቀራል። የሸመደዱትን ያውቁታል፤ ለምን እንደሆነ ግን ማንም አልነገራቸውም። እኔም ለዓመታት እንዲሁ ነበርኩ፤ ብዙ ጨዋታም በዚህ ምክንያት ተሸንፌያለሁ።

አያቴ የመጻሕፍት ትርጓሜ የተማሩ ሰው ነበሩ። አንዲት ዐረፍተ ነገር ያነሱና ፍቺዋን ይናገራሉ። ከዚያ “አንድም” ይሉና ሌላ ፍቺ ይሰጣሉ። አሁንም “አንድም” ብለው ሦስተኛ ይጨምራሉ። ጎንደር የዚህ ትምህርት አገር ናት፤ ላይ ቤትና ታች ቤት የሚባሉት የትርጓሜ ቤቶች የወጡት ከዚሁ ነው። ይህ ልማድ ለቼዝ ሰሌዳም እንደሚሠራ የገባኝ ዘግይቶ ነው። “ይህን ለምን ተጫወተ? አንድም ያንን ቢጫወትስ?” እያሉ ማንበብ ማለት ነው። አንድ ጨዋታ ይዘን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ በዚህ መንገድ እንሂድበት።

የሚያስፈልገው ጥቂት ነው። እውነተኛ ሰሌዳ፣ ደብተር፣ ሁለት ቀለም እስክሪብቶ፣ መሸፈኛ የሚሆን ባዶ ወረቀት። የጎደለ ጠጠር ካለ በቆርኪ ተኩት፤ የእኔም አንዱ ጥቁር ፈረስ ቆርኪ ነው። ስልካችሁን ሌላ ክፍል አስቀምጡት። መብራት ቢጠፋም በሻማ ይሠራል። ሁለት ምሽት መድቡለት፤ በአንድ ምሽት አያልቅም።

ስለ አጻጻፉ አንድ ነገር። ሰሌዳው ላይ ከግራ ወደ ቀኝ ያሉት ዓምዶች ኤ፣ ቢ፣ ሲ፣ ዲ፣ ኢ፣ ኤፍ፣ ጂ፣ ኤች ናቸው። ከነጭ በኩል ወደ ላይ ደግሞ ከ1 እስከ 8 ይቆጠራል። “ፈረስ ኤፍ3” ማለት ፈረሱ ኤፍ3 ቤት ላይ ገባ ነው። የ× ምልክት “በላ” ማለት ነው። “ቼክ” ንጉሡ ተጠቃ፣ “ሜት” ደግሞ ማምለጫ አጣ ማለት ነው። “ካስሊንግ” ንጉሡና ግንቡ በአንድ ተራ ተንቀሳቅሰው ንጉሡ ወደ ዳር የሚሸሸግበት ነው። “የኤ ግንብ” ስል ከኤ ዓምድ የተነሳውን ግንብ ማለቴ ነው። የጠጠር ስም ካልተጠራ የሄደው ወታደር ነው። ግንብ የምለው አንዳንዱ ሩክ የሚለውን ነው።

ጨዋታ አመራረጥ

ሦስት ነገር እዩ። ኦፕኒንጉ፣ ማለትም የጨዋታው አከፋፈት፣ እናንተም የምትጫወቱት ይሁን። ከ30 እንቅስቃሴ ባይበልጥ ይሻላል። የአሸናፊው ሐሳብ ደግሞ ለዓይን የሚታይ ይሁን። የዘመኑን ታላላቅ ተጫዋቾች ጨዋታ ለጀማሪ አልመክርም። ቤታቸው በኮምፒውተር ያዘጋጁት ብዙ ነገር ከጀርባው ተደብቋል፤ ምክንያቱ ሰሌዳው ላይ አይታይም። የድሮዎቹ ግን ሐሳባቸውን ፊት ለፊት ያስቀምጡታል።

እኔ የመረጥኩላችሁ እ.ኤ.አ. በ1895 በእንግሊዝ ሄስቲንግስ ከተማ የተደረገውን ነው። ነጭ ዊልሄልም ሽታይኒትስ፣ ጥቁር ኩርት ፎን ባርዴሌበን። ሽታይኒትስ ከ1886 ጀምሮ የዓለም ሻምፒዮን ነበር። በ1894 ማዕረጉን በጀርመናዊው ኢማኑኤል ላስከር ተነጥቋል። ስለዚህ ሄስቲንግስ ሲመጣ የ59 ዓመት ሰው፣ ዘውዱን ያጣ ንጉሥ ነው። ውድድሩን ያሸነፈው ወጣቱ አሜሪካዊ ፒልስበሪ ሲሆን ሽታይኒትስ አምስተኛ ወጣ። በውድድሩ ለተደነቀ ጨዋታ የተሰጠውን የመጀመሪያ ሽልማት ያስገኘለት ግን ይህ ጨዋታ ነው። በእኛ አቆጣጠር 1887 ሊያልቅ ሲል መሆኑ ነው፤ አድዋ የቀሩት ጥቂት ወራት ነበሩ። ዘመኑን እንዲህ ከራሴ ታሪክ ጋር ሳያይዘው ጨዋታውም አይጠፋብኝም።

መጀመሪያ ሳትቆሙ አንቀሳቅሱት

ጨዋታው ይኸውና።

1. ኢ4 ኢ5
2. ፈረስ ኤፍ3 ፈረስ ሲ6
3. ቢሾፕ ሲ4 ቢሾፕ ሲ5
4. ሲ3 ፈረስ ኤፍ6
5. ዲ4 ኢ×ዲ4
6. ሲ×ዲ4 ቢሾፕ ቢ4 ቼክ
7. ፈረስ ሲ3 ዲ5
8. ኢ×ዲ5 ፈረስ×ዲ5
9. ካስሊንግ በአጭሩ፣ ቢሾፕ ኢ6
10. ቢሾፕ ጂ5 ቢሾፕ ኢ7
11. ቢሾፕ×ዲ5 ቢሾፕ×ዲ5
12. ፈረስ×ዲ5 ንግሥት×ዲ5
13. ቢሾፕ×ኢ7 ፈረስ×ኢ7
14. ግንብ ኢ1 ኤፍ6
15. ንግሥት ኢ2 ንግሥት ዲ7
16. የኤ ግንብ ሲ1፣ ሲ6
17. ዲ5 ሲ×ዲ5
18. ፈረስ ዲ4 ንጉሥ ኤፍ7
19. ፈረስ ኢ6፣ የኤች ግንብ ሲ8
20. ንግሥት ጂ4 ጂ6
21. ፈረስ ጂ5 ቼክ፣ ንጉሥ ኢ8
22. ግንብ×ኢ7 ቼክ፣ ንጉሥ ኤፍ8
23. ግንብ ኤፍ7 ቼክ፣ ንጉሥ ጂ8
24. ግንብ ጂ7 ቼክ፣ ንጉሥ ኤች8
25. ግንብ×ኤች7 ቼክ። ነጭ አሸነፈ።

ሁለት ጊዜ ከላይ እስከ ታች በእጃችሁ አንቀሳቅሱት። አትቁሙ፣ አትተንትኑ። ዘፈን መጀመሪያ ሲሰማ ግጥሙ ሁሉ አይያዝም፤ ዜማው ግን ይቀራል። ሲያልቅ ደብተሩ ላይ አንድ ዐረፍተ ነገር ጻፉ፦ “ይህ ጨዋታ ስለ ምን ነበር?” የእኔ የመጀመሪያው ጽሑፍ “ጥቁሩ ንጉሥ ካስሊንግ ሳያደርግ መሀል ቀረ” የሚል ነበር። ስህተት ቢሆንም ጻፉት፤ በኋላ ታርሙታላችሁ።

ኦፕኒንጉን መፍታት

የዚህ ኦፕኒንግ ስም ጁኦኮ ፒያኖ ነው፤ በጣሊያንኛ ጸጥ ያለ ጨዋታ ማለት ነው። በ17ኛው ክፍለ ዘመን የነበረው ጣሊያናዊ ግሬኮ በሰፊው አጥንቶታል። እስካሁንም ታላላቆቹ ይጫወቱታል፤ ዛሬ የሚበዛው ግን ነጭ በዲ4 ፋንታ ወታደሩን ዲ3 ብቻ አድርጎ ቀስ የሚልበት መንገድ ነው።

አሁን ለእያንዳንዱ እንቅስቃሴ አንድ መስመር “ለምን” ጻፉ። በአማርኛ፣ በራሳችሁ ቃል። የሚከብድ አይደለም። ኢ4 መሀሉን ይይዛል፤ ፈረሱ ወጥቶ ኢ5ን ያስፈራራል፤ ቢሾፑ ኤፍ7ን ያያል፤ ያንን ቤት የሚጠብቀው ንጉሡ ብቻ ነውና። 4. ሲ3 ላይ ስትደርሱ ግን ዝግ በሉ። ይህ ወታደር ለምን ወጣ? ዲ4ን ለማስገባት ነው፤ ጥቁር ቢበላው ሌላ ወታደር መልሶ እንዲበላና መሀል ላይ ሁለት ወታደር ጎን ለጎን እንዲቆም። ዋጋውስ? ለፈረሱ የተመቸችውን ሲ3 ቤት ያዘበት። ጥቅሙንና ዋጋውን አብራችሁ ካልጻፋችሁ እንቅስቃሴው አልገባችሁም።

ከዚያ መገንጠያዎቹን ፈልጉ። በዚህ ጨዋታ ትልቁ መገንጠያ 7 ላይ ነው። ነጭ ፈረሱን ሲ3 አድርጎ የኢ4ን ወታደር ሳይጠብቅ ተወው፤ ፈረሱ ከሲ3 ቢንቀሳቀስ ንጉሡን ለቢ4 ቢሾፕ ያጋልጣልና። አንድም ቢሾፕ ዲ2 ብሎ በሰላም መሄድ ይችል ነበር። ጥቁርስ? አንድም ፈረስ×ኢ4 ብሎ ወታደሯን መብላት ነበረበት፤ በብዛት የሚሄድበት መንገድ ይኸው ነው። ነጭ ካስሊንግ ያደርጋል፣ ጥቁር ቢሾፕ×ሲ3 ይላል፣ ነጭ ደግሞ መልሶ ከመብላት ይልቅ ዲ5 ይላል፤ የጦፈ ጦርነት ነው። ባርዴሌበን ይህን ትቶ ዲ5 አለ። ሐሳቡ የነጭን መሀል መስበር ነው፣ ተሳክቶለታልም። ከ8 በኋላ ነጭ ዲ4 ላይ ብቻዋን የቀረች ወታደር አለችው። ግራ ቀኝ የሚደግፋት ወታደር የላትም። በመጽሐፍ ሕግ ደካማ ናት። ይህችን ወታደር በዓይናችሁ ያዟት፤ የጨዋታው ባለታሪክ እሷ ናት።

አንድ ቆጠራም ሥሩ። የጥቁሩ ጥቁር ቤት ቢሾፕ ስንት ጊዜ ተንቀሳቀሰ? ሲ5፣ ቢ4፣ ኢ7። ሦስት ጊዜ ሄዶ በ13 ተበላ። ነጭ በ9 ካስሊንግ አድርጓል፤ ጥቁር እስከ መጨረሻው አላደረገም። ኦፕኒንግ ሲጠና እንዲህ ያለ ቆጠራ ከሽምደዳ ይበልጣል።

የእኛን አገር ቼዝ፣ ሰንጠረዥን፣ እዚህ ላይ ማንሳት እወዳለሁ። በድሮው ሰንጠረዥ ጨዋታ መጀመሪያ ላይ ተራ የሚባል ነገር የለም። የመጀመሪያው ጠጠር እስኪበላ ድረስ ሁለቱም እንደፈለጉ ያሰልፋሉ፤ ወረራ ይባላል። ሽምደዳ አያዋጣም። የተጋጣሚን አሰላለፍ እያዩ የራስን ማስተካከል ብቻ ነው። ኦፕኒንግ ስታጠኑ በዚያ ዓይን እዩት፦ እሱ ይህን ካሰለፈ እኔ ምን ላሰልፍ?

በወረቀት ሸፍኖ መገመት

ሁለተኛው ምሽት የዚህ ነው። ከ9 ጀምሮ ያለውን በወረቀት ሸፍኑ። ነጭን ያዙ። የራሳችሁን ግምት ከነምክንያቱ ጻፉ፣ ከዚያ ወረቀቱን አንድ መስመር ዝቅ አድርጉ። ለቀላሉ አንድ ደቂቃ፣ ለከባዱ እስከ አሥር ደቂቃ ስጡት። ጠጠር አትንኩ፤ በዓይን ብቻ።

ከ11 እስከ 13 ብዙ ሰው ይሳሳታል። ሽታይኒትስ ሁሉን ይቀያየራል። ማጥቃት የሚፈልግ ሰው ጠጠር ለምን ይጨርሳል? 14. ግንብ ኢ1 ሲመጣ ይገባችኋል። ኢ7 ላይ ያለውን ፈረስ የሚጠብቀው ንጉሡ ብቻ ነው። በአጭሩም በረጅሙም ካስሊንግ ካደረገ ግንቡ ፈረሱን በነጻ ይበላዋል። ያ ሁሉ መቀያየር ንጉሡን በፈረሱ ላይ ለማሰር ነበር። 15. ንግሥት ኢ2 ደግሞ ኢ7 ላይ ቼክ ሜት ያስፈራራል፤ የጥቁር ንግሥት ወደ ዲ7 የተመለሰችው ለዚህ ነው።

16 ላይ ጥቁርን ያዙ። ባርዴሌበን ሲ6 አለ። እንቅስቃሴው ጤናማ ይመስላል፤ የሲን ዓምድ ይዘጋል፣ ዲ5ንም ያገደ ይመስላል። አንድም ንጉሥ ኤፍ7 ማለት ነበረበት። ንጉሡ ራሱ ከመሀል ወጥቶ ለግንቦቹ መንገድ ይከፍት ነበር። ተንታኞች የጨዋታው ስህተት ብለው የሚያነሱት ይህችን አንዲት እርምጃ ነው።

17 ላይ ባለፈው ወር ከእህቴ ልጅ ጋር ተቀምጠን ነበር። አሥረኛ ክፍል ነው። ወረቀቱን በአውራ ጣቱ ይዞ ረጅም ጊዜ ዝም አለ።

“ጋሼ፣ ግንቡን ከሲ1 ወደ ዲ1 እመልሰዋለሁ።”

“ለምን?”

“ወታደሯ ብቻዋን ናት፤ ንግሥቷም ታያታለች። ልጠብቃት።”

ምክንያቱ ጥሩ ነበር፤ ደብተሩ ላይ ጻፈው። ከዚያ ወረቀቱን ዝቅ አደረገ። ዲ5። ፊቱ ተለወጠ።

“ኧረ ጋሼ፣ ይቺን በነጻ ይሰጣታል እንዴ?”

“የሄደችበትን ተወው። የለቀቀችውን ቤት እይ።”

ሰሌዳው ላይ አጎነበሰ። ጣቱን ዲ4 ባዶ ቤት ላይ አሳረፈ። ከዚያ ቀስ ብሎ ወደ ኤፍ3 ፈረስ ወሰደው፣ መልሶ ወደ ዲ4። ቀጥሎ ኢ6 ላይ አቆመው። “ለካ የራሷን ፈረስ መንገድ ዘግታ ነበር!” አለ። ይህን አልነገርኩትም። ራሱ አገኘው፤ ስለዚህም አይረሳውም።

እውነትም ይኸው ነው። ስንጠብቃት የቆየነው ደካማ ወታደር ስትሰጥ ፈረሱ ዲ4፣ ከዚያ ኢ6 ይገባል። ኢ6 ላይ የቆመ ፈረስን የሚያባርር የጥቁር ወታደር የለም። ወታደሯ በሲ×ዲ5 ተበልታ በመወሰዷ የሲ ዓምድም ለነጭ ግንብ ተከፈተ። እዚህ ላይ አንድ ጥያቄ ለደብተራችሁ፦ ጥቁር ወታደሯን ከመብላት ንጉሥ ኤፍ7 ቢልስ? ሃያ ደቂቃ ስጡት።

ቋጠሮው ላይ መቆየት

በየጨዋታው አንድ ቋጠሮ አለ። የጥናታችሁን ግማሽ ጊዜ እዚያ አፍስሱት። እዚህ ቋጠሮው 22 ነው። ሰሌዳውን ከጥቁሩ ንጉሥ ኢ8 በኋላ አቁሙት። የሁለቱ ወገን ንግሥቶች ፊት ለፊት ተያይተዋል፤ የሁለቱ ወገን ግንቦችም በሲ ዓምድ ላይ ተፋጠዋል። ነጭ ግንብ×ኢ7 ቼክ ይላል።

አንድም ንግሥቷ ግንቡን ብትበላ፦ ሲ8ን የመጠበቅ ሥራዋን ለቀቀች። ግንብ×ሲ8 ቼክ፣ ግንብ×ሲ8፣ ንግሥት×ሲ8 ቼክ። ንግሥት ዲ8 ብላ ብትከላከል ንግሥቶቹ ይበላላሉ፤ ፈረሱ ኤች7ን ይበላል። ነጭ በአንድ ፈረስ ይበልጣል።

አንድም ንጉሡ ግንቡን ቢበላ፦ ሌላኛው ግንብ ኢ1 ላይ ቼክ ይላል፤ ንጉሡ መሀል ሜዳ ላይ ይታደናል። ይህን አደን በጠጠር ሳይሆን በዓይን ሦስት እርምጃ ሞክሩት።

አንድም ንጉሥ ኤፍ8። ባርዴሌበን የመረጠው ይህን ነው፣ ብልህ ወጥመድም አለው። አሁን ነጭ የጥቁርን ንግሥት ልብላ ቢል፣ በግንብም በንግሥትም፣ ጥቁር ግንብ×ሲ1 ቼክ ይላል። የነጭ ንጉሥ ከኋላ መስመር መውጫ የለውም፤ ሜት ነው። ስለዚህ ነጭ በየእርምጃው ቼክ እያለ መሄድ አለበት። ግንቡ በሰባተኛው መስመር ይራመዳል፦ ኤፍ7፣ ጂ7፣ ኤች7። ኤፍ7 ላይ ፈረሱ ስለሚጠብቀው ንጉሡ አይነካውም። ጂ7 ላይ ንጉሡ ቢበላው ነጭ የጥቁርን ንግሥት በቼክ ይበላል፤ ቼክ ስለሆነ ጥቁር ሲ1ን ለመብላት ጊዜ አያገኝም። ኤች7 ላይም ፈረሱ አለ። ንግሥቷ በየትኛውም ቤት ብትበላው ሲ8 ይፈርሳል። አራት ቤት ሙሉ ባዶ እጁን እየሄደ የማይበላ ግንብ! ይህን ለማየት ብቻ ሰሌዳ መግዛት ያዋጣል።

ከ25 በኋላ ባርዴሌበን ተነስቶ ከአዳራሹ ወጣ። እጅ ሰጠሁም አላለም፤ ሰዓቱ እየቆጠረ አለቀበት። ሽታይኒትስ ቀሪውን ለተመልካች አሳየ፦ ንጉሥ ጂ8፣ ግንብ ጂ7 ቼክ፣ ንጉሥ ኤች8፣ ንግሥት ኤች4 ቼክ፣ ንጉሥ×ጂ7፣ ንግሥት ኤች7 ቼክ እያለ 35ኛው ላይ ንግሥት ዲ6 ሜት። መሀሉን እናንተ ሙሉት። ከንጉሥ ኤፍ8 ጀምሮ ነጭ አንድም ጊዜ ቼክ ማለቱን አያቆምም።

ኮምፒውተሩ መጨረሻ ይግባ

ደብተሩ ሲሞላ አሁን ስልኩን አምጡ። ሊቼስ የሚባለው የቼዝ ድረ ገጽ ነጻ ነው፣ ስቶክፊሽ የሚባለው ጨዋታ የሚተነትን ፕሮግራምም አብሮት አለ። ጨዋታውን አስገቡና ሦስት ቦታ ብቻ ጠይቁት፦ 7ኛው ዲ5፣ 16ኛው ሲ6፣ 17ኛው ላይ ወታደሯን መብላት። መልሱን በሌላው ቀለም እስክሪብቶ ከራሳችሁ ጽሑፍ ጎን ጻፉ። የእናንተን አትሰርዙ። ኮምፒውተሩ የሚሰጠው ቁጥር ማን እንደሚሻል ይናገራል፤ ለምን እንደሚሻል አይናገርም። እሱን ከሰሌዳው ማውጣት የእናንተ ድርሻ ነው። ኮምፒውተሩን ቀድሞ የከፈተ ሰው መልሱን አይቶ ፈተና እንደገባ ተማሪ ነው፤ ብዙ ጎበዝ ልጆች በዚህ ሲሰንፉ አይቻለሁ።

ከዚያ ኦፕኒንጉን ወደ ራሳችሁ አምጡት። በአንድ ገጽ ላይ ከ1 እስከ 7 ያለውን ጻፉ፣ መገንጠያዎቹን እንደ ቅርንጫፍ ሳሉ። ጥቁር 3 ላይ በቢሾፕ ሲ5 ፋንታ ፈረስ ኤፍ6 ቢልስ የሚለውም አንድ ቅርንጫፍ ነው። ሊቼስ ላይ የታላላቆችን ጨዋታ የሚያሳየው ክፍል ውስጥ ገብታችሁ በዚሁ መንገድ የሄዱ አራት አምስት ጨዋታዎች እዩ፤ ለእነሱ ሩብ ሰዓት ይበቃል። ቀጥላችሁ ከሰው ጋር አሥር ጨዋታ ተጫወቱበት። ከየጨዋታው በኋላ “ከገጹ የወጣሁት ስንተኛው ላይ ነው? ማን አስወጣኝ?” ብላችሁ ገጹ ላይ ጨምሩ። ፈጣን የአምስት ደቂቃ ጨዋታ ለዚህ አይሆንም። ቢያንስ ለእያንዳንዱ ሰው ሠላሳ ደቂቃ ይኑር።

በሳምንቱ ከ16 በኋላ ያለውን አቀማመጥ በቃላችሁ ሰሌዳ ላይ ደርድሩ። አንድ ጠጠር ከተሳሳተ ወረቀቱን አይታችሁ አርሙና በሁለተኛው ቀን ድገሙት። ከቻላችሁ ለሌላ ሰው አስረዱት፤ እኔ የ22ን ነገር በደንብ የያዝኩት ለእህቴ ልጅ ሳስረዳ ነው።

ቀጥሎ የሚጠናው የራሳችሁ ጨዋታ ነው፣ በተለይ የተሸነፋችሁበት። ውድድር ላይ እንቅስቃሴውን ስትጽፉ ከጎኑ የቀራችሁን ደቂቃ ጻፉ። ቤት ስትደርሱ፣ ሳይቀዘቅዝ፣ ያኔ ያሰባችሁትን በዚያው ወረቀት ላይ አስፍሩ። ከዚያ ከላይ ያለውን ሁሉ በተራው ሥሩበት፦ ሁለት ጊዜ ሳትቆሙ፣ ለኦፕኒንጉ “ለምን”፣ ሸፍኖ መገመት፣ ቋጠሮ፣ ኮምፒውተር። የእህቴ ልጅ ደብተር አሁን ስድስተኛው ጨዋታ ላይ ነው። የመጨረሻዎቹ ሁለቱ የራሱ ሽንፈቶች ናቸው፤ ከየገጹ ግርጌም በቀይ “አንድም” የሚል ተጽፏል።